ፍራሹ አይመለስም፣ እርስዎ ግን ይመለሱ

ፍራሹን ከመግዛቴ በፊት ሻጩ «ወንድሜ» ነበር የሚለኝ። «ና ወንድሜ፣ ተኛበት፣ አትፈር» አለኝ። እኔ ግን አፈርኩ። ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል ካልሲዬ አውራ ጣቱ ጋ ቀዳዳ እንዳለው ትዝ አለኝ። ስለዚህ ጫማዬን እንዳደረግኩ፣ እግሬን ከፍራሹ ውጪ አንጠልጥዬ ተጋደምኩ። ተኛሁ ማለት ይከብዳል። ሰው በሚተላለፍበት ሱቅ ውስጥ፣ አምፖል ግንባሩ ላይ እየበራበት፣ ሚስቱ ቦርሳዋን ታቅፋ ቁልቁል እያየችው የሚጋደም ሰው እንቅልፍ ሳይሆን ምርመራ ላይ ነው የሚመስለው።

«እሺ፣ እንዴት ነው?» አለ ሻጩ።

«ጥሩ ነው» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? ቶሎ መነሳት ነው የፈለግኩት። አስር ዓመት ልተኛበት ያሰብኩትን ዕቃ በግማሽ ደቂቃ ፈተንኩት። ጫማ ስገዛ እንኳን ሱቁን ሁለት ጊዜ እዞረዋለሁ።

ሻጩ አፈ ቅቤ ነው። «ላዩ ላይ ያለችው ሁለት ጣት የምታህል ፎም ለጠፈርተኞች የተሠራች ናት። የሰውነትህን ቅርፅ ታስታውሳለች። ከሥሯ ያለው ስፖንጅ ደግሞ 30 ዴንሲቲ ነው። አለት በለው!» አለኝ። አለት ላይ መተኛት አምሮኝ ባያውቅም ደስ አለኝ። ዴንሲቲ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። አባወራ ዕቃ ሲገዛ የማያውቀውን ቃል ከሰማ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይጠይቅም። ባለቤቴ በጆሮዬ «ዴንሲቲ ምንድን ነው?» ስትለኝ «ጥንካሬው ነዋ» አልኳት። ተሳስቼ ነበር። ወደዚህ ጉዳይ እመለስበታለሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ መመለስ የሚችል እኔ ብቻ ነኝ።

የጠፈርተኞቹ ነገር ግን ቤት ከገባሁ በኋላ ከነከነኝ። ጠፈርተኛ እኮ ይንሳፈፋል። አየር ላይ የሚተኛ ሰው ፍራሽ ምን ያደርግለታል? ሳነብ ፎሟ እውነትም ከናሳ ጋር ዝምድና አላት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በናሳ ሥራ ነው የተፈለሰፈችው። የተፈለሰፈችው ግን ለአውሮፕላን መቀመጫ ነው። ተቀምጦ ለሚበር፣ ከበድ ያለ መንገጫገጭ ለሚገጥመው ሰው ማለት ነው። መንገጫገጡ ላይ ሻጩ አልዋሸም።

ፍራሹ ቤት የመጣው እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ፣ አየሩ ተመጥጦ፣ በላስቲክ ተወጥሮ ነው። ብቻዬን ተሸክሜ ደረጃ ወጣሁ። ባለቤቴ «እንዴት ቀላል ነው!» ስትል ጉልበቴን ያደነቀች መስሎኝ ኮራሁ። ፍራሹን መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። ላስቲኩን በመቀስ ስቀደው ረጅም ትንፋሽ ሳበ። መተንፈሱ አይገርምም። ስፖንጅ ማለት ከ95 በመቶ በላይ አየር ነው። ቀሪው ብቻ ነው ፖሊዩሬቴን የሚባለው ፕላስቲክ። ለአየር ያን ሁሉ ገንዘብ መክፈሌን ሳስብ እኔም ረጅም ትንፋሽ ሳብኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት አልጋ በአልጋ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት መሐሉ ሰረጎደ።

ሰው ሲተኛ ከባዱ ክፍል ዳሌው ነው። የስፖንጁ ጥቃቅን ክፍልፋዮች ግድግዳቸው ከሳሳ እዚያው ቦታ ላይ ሌሊት በሌሊት ይሰበራሉ። ስንነሳም አይነሱም። እኛ ፍራሽ ላይ የሆነው ይኸው ነው። መሐሉ ሸለቆ ሆነ። ባለቤቴ ከግራ፣ እኔ ከቀኝ እንተኛለን፤ ሌሊት ላይ ሸለቆው ውስጥ እንገናኛለን። ለአዲስ ሙሽሮች ጥሩ ይሆናል። እኛ ግን አስራ አንድ ዓመት ሆኖናል። ትዳር ውስጥ ተኳርፎ መተኛት የሚባል መብት አለ። ተኳርፈን፣ ሆድና ጀርባ ሆነን እንተኛለን፤ ፍራሹ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌ ሆኖ ያስታርቀናል። ከዚያ «ወደዚያ ሂድ» «አንቺ ሂጂ» ተባብለን እንደገና እንጣላለን። እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ ይላሉ። ዘረጋሁ። እግሬ ዳገት ላይ፣ ወገቤ ገደል ውስጥ ሆነ።

ሱቁ ተመለስኩ።

ሻጩ ገና ከበር ሲያየኝ «ምን ልታዘዝ ጌታዬ?» አለኝ። ያኔ ነው ነገር እንደተበላሸ ያወቅኩት። ገንዘቤ ኪሴ ውስጥ እያለ «አንተ» ነበርኩ፣ ወንድሙ ነበርኩ። ደረሰኝ ይዤ ስመጣ «እርስዎ» ሆንኩ። በቋንቋችን «እርስዎ» አክብሮት ነው ይባላል። አንዳንዴ ግን አጥር ነው። ፎሟ ቅርፄን ታስታውሳለች፤ ሻጩ መልኬን ረስቷል።

«ፍራሹን ልመልስ ነው» አልኩት። እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ። በትልልቅ ፊደል «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም» ይላል። ስገዛ አላየሁትም ነበር። ለምን እንዳላየሁት ቆይቶ ገባኝ። ማስታወቂያው የተለጠፈው እኔ የገዛሁት ፍራሽ ቆሞ ከነበረበት ጀርባ ነው። ፍራሹ ሲሸጥ ነው የሚነበበው።

«ደግሞ ገና ነው ጌታዬ» አለኝ። «አዲስ ፍራሽ ከሰውነት ጋር እስኪለማመድ ቢያንስ ወር ይፈጃል። ከወር በኋላ ይመለሱ።»

ልብ በሉልኝ። ፍራሹ አይመለስም፤ እኔ ግን እመለሳለሁ። አማርኛ ደግሞ በዚህ ቃል ላይ አልሰነፈም። ጥያቄ ሲጠየቅ መልስ አለ። ከሂሳብ የሚተርፍ መልስ አለ። የሄደ ሰው ይመለሳል፣ የተወሰደ ይመለሳል፣ የተሳሳተም ይመለሳል። እዚህ ሱቅ ውስጥ ከዚህ ሁሉ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው፤ «ነገ ይመለሱ» የሚለው። ስድስት ሳምንት ሙሉ የሠራሁት ሥራ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

በሁለተኛው ጉዞዬ የንፅህና ጥያቄ ተነሳ። «ሰው የተኛበት ፍራሽ እንዴት ይመለሳል? ጤና ነው ጉዳዩ» አለኝ። ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ጀርመን ውስጥ አንድ ሰው ፍራሽ በኢንተርኔት ገዝቶ፣ መሸፈኛ ላስቲኩን ቀዶ፣ ልመልስ ሲል እንደኔው «ንፅህና» ተብሎ ተከለከለ። ክርክሩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ፍራሽን ከልብስ ጋር አመሳሰለው። ሰው ሱሪ ለክቶ እንደሚመልሰው ፍራሽም ተፈትኖ ሊመለስ ይችላል፤ ነጋዴው አፅድቶ እንደገና ሊሸጠው ይችላል አለ። ስንት ምሁር ካባ ለብሶ ስለ ፍራሽ መከረ! ይህን ሁሉ በስሜት ተረክሁለት። ሻጩ በጥሞና ሰማኝና «ከእኛ ነው የገዛው?» አለኝ።

ነገሩን ላለማጋነን፣ ያ ፍርድ ከርቀት ለሚገዛ ሰው ነው። ሕጉ ዕቃው እጁ ከገባ በኋላ 14 ቀን ሐሳቡን እንዲቀይር ይፈቅድለታል፤ ሳያይ ነዋ የገዛው። እኔ ሱቅ ድረስ ሄጄ፣ ተኝቼበት፣ «ጥሩ ነው» ብያለሁ። ከነጫማዬ የተናገርኳት ቃል እስከ ዛሬ ታስከስሰኛለች።

በሦስተኛው ጉዞዬ የዋስትና ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። አምስት ዓመት ይላል። ከሥር በጥቃቅን ፊደል የሰረጎደው ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ መሆን አለበት ይላል። አለካኩም እንደዚሁ ተጽፏል። ሰው ሳይተኛበት፣ ሲባጎ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ፣ ከሲባጎው እስከ ፍራሹ በማስመሪያ ይለካል። ለካን። ሦስት ተኩል። ሌሊት ላይ ሁለታችን ስንወጣበት ግን ባሕር ነው የሚሆነው። «ሰው ሲተኛበት ለምን አይለካም?» ብዬ ጠየቅኩ። «ሰው ሲተኛበትማ ማንኛውም ፍራሽ ይሰረጉዳል» አለኝ። መልስ አጣሁ። የመጀመሪያው እውነተኛ ንግግሩም ይህ ይመስለኛል። ዋስትናው ፍራሽ ላይ ለማይተኛ ሰው ጥሩ ዋስትና ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይኸው ነው።

ወረቀቱን ገልብጬ ሳነብ ደግሞ እድፍ ካለበት ዋስትናው ይሰረዛል ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ውሃ ይዤ መኝታ ቤት እንዳልገባ ከለከለችኝ።

በአራተኛው ጉዞ በሩ ትንሽ ገርበብ ያለ መሰለኝ። «ሥራ አስኪያጁ እንደ ልዩ ሁኔታ ፈቅደዋል» አለኝ። «ፍራሹን በመጣበት ሁኔታ ይመልሱት።»

«በመጣበት ሁኔታ ማለት?»

«ተጠቅልሎ።»

ያን ጥቅል የጠቀለለው በብዙ ኪሎ ኃይል የሚጫን የፋብሪካ ማሽን ነው። እኛ ቤት ያለነው እኔ፣ ባለቤቴና ጎረቤታችን ነን። ቢሆንም ሞከርን። ጎረቤታችን በጉልበቱ ጫፉ ላይ ተንበረከከ፣ እኔ መሐሉን ተጫንኩ፣ ባለቤቴ ገመድ ይዛ ቆመች። ግማሽ ድረስ ጠቀለልነው። ጎረቤታችን አስነጠሰው። ፍራሹ ተፈታና ሰውዬውን ቁምሳጥኑ ላይ ወረወረው። እስካሁን ሲያገኘኝ ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው። እንዲያ የሚያስፈነጥር ፍራሽ ማታ ማታ ጉልበቱ የት እንደሚሄድ አላውቅም።

አሁን ወደ ዴንሲቲው። ለካ ዴንሲቲ ጥንካሬ አይደለም። ለስላሳ ሆኖ ዴንሲቲው ከፍ ያለ ስፖንጅ አለ፤ ደረቅ ሆኖ ዝቅ ያለም አለ። ዴንሲቲ አንድ ሜትር ኪዩብ ስፖንጅ የሚመዝነው ኪሎ ነው። ቶሎ አለመሰርጎዱን የሚናገረው እሱ ነው። ይህን ሳውቅ ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሳሁ፤ ማለቴ ከሸለቆው ተንጠላጥዬ ወጣሁ። የኛ ፍራሽ ርዝመቱ 1.9 ሜትር፣ ወርዱ 1.5፣ ውፍረቱ 0.2 ነው። ሲባዛ 0.57 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። 30 ዴንሲቲ ከሆነ 17 ኪሎ ገደማ መመዘን አለበት። የላይኛዋ የጠፈርተኞች ፎም ከባድ ስለሆነች እንዲያውም ከዚያ በላይ።

የሰውነት መመዘኛችንን አወጣን። መጀመሪያ ብቻዬን ወጣሁ፤ 71 ኪሎ። ከዚያ ፍራሹን ታቅፌ ወጣሁ። ቁጥሩን ማየት አልቻልኩም፣ ፍራሹ ጋርዶኛል። ባለቤቴ ወለሉ ላይ በደረቷ ተኝታ በስልኳ መብራት አነበበችልኝ። 82 ተኩል። ፍራሹ ከነጨርቁ 11 ኪሎ ተኩል! ለ0.57 ሲካፈል 20 ገደማ ነው። አለት የተባለው ይህ ነው። ደረጃው ላይ የኮራሁበት ጉልበትም ይኸው ነው።

በአምስተኛው ጉዞ ስሌቱን በወረቀት ጽፌ አቀረብኩ። ሻጩ ረጅም ጊዜ አየው። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውንም አየው። ከዚያ «ከቁርስ በፊት ነው የተመዘኑት?» አለኝ።

«ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ጠዋት ነው!»

«ሚዛኑስ የማን ነው?»

«የኔ።»

«አየህ...» ብሎ ጀመረና «አዩ ጌታዬ፣ የግል ሚዛን አንቀበልም። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ዛሬ የሉም። ነገ ይመለሱ» አለኝ።

ተመለስኩ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ትንሽ ይጠብቁ ተባልኩ። ወንበር የለም። ሱቁ ውስጥ ያለው መቀመጫ ሁሉ ፍራሽ ነው። ለእይታ የተዘረጋው፣ ያው የኔው ዓይነት ፍራሽ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ጎኔን ትንሽ ላሳርፍ ብዬ ጋደም አልኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። ካልሲዬ ዛሬም ቀዳዳ ነበረው። ግድ አልሰጠኝም።

ስድስት ሳምንት ያልተኛሁትን እንቅልፍ ነው የተኛሁት። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ በልጅነቴም አላስታውስም።

የቀሰቀሰኝ የሻጩ ድምፅ ነው። አንድ ወጣት ባልና ሚስት አጠገቤ ቆመዋል። «እዩት እንግዲህ!» ይላቸዋል። «እንዲህ ነው የሚያስተኛው። ሰውዬው አንድ ሰዓት ሆኖታል።»

ዓይኔን ገለጥኩ። ልጅቷ ደነገጠችና ይቅርታ ጠየቀችኝ። ልጁ ግን ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ይመቻል?» አለኝ።

ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። መሐሉን በእጄ ጫን አደረግኩት። ተመልሶ ቀጥ አለ። ከፍ ለማድረግ ሞከርኩ፣ እንደ መቃብር ድንጋይ ከበደኝ። ይህኛው ዴንሲቲ አለው።

«በጣም ይመቻል» አልኩ። ሻጩ ፈገግ አለ። «ራሱን ይሄንን ከሸጠላችሁ ግዙት። ተጠቅልሎ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። ለማንኛውም ስትመጡ ሚዛን ይዛችሁ ኑ።» ወረቀቴን ከኪሴ አውጥቼ ለልጁ ሰጠሁት። ልጁ ማንበብ ጀመረ። ማባዛት የሚችል ልጅ ነው፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል።

ሻጩ ክንዴን ያዘኝና ወደ ጥግ ወሰደኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወንድሜ» አለኝ። «ነገ ፍራሹን ይዘኸው ተመለስ።»

«ተጠቅልሎ ነው?»

«እንዳሻህ አድርገህ።»