እናንተ አከራዮች፣ እናንተ ጎረቤቶች

ወገኖቼ፣ ዛሬ ራሳችንን ልቆጣ ነው።

ሰሞኑን አንድ ደላላ አጠገቤ ቆሞ በስልክ ያወራል። «እትዬ፣ ተከራዮቹ ኤርትራውያን ናቸው፤ ጨምሩባቸው፣ ከውጭ ይላክላቸዋል» አለ። ተዉ እንጂ! ላኪ የሌለው ስንቱ ነው? ማለቂያ የሌለው የኤርትራ ብሔራዊ አገልግሎት (ውትድርናው) አንገሽግሾት መረብን በሌሊት የተሻገረ ልጅ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ፍራሽ ዘርግቶ የሚያድር ልጅ፣ እሱ ነው ኪራይ ያስወደደብን? የጨመርነው እኛው ነን።

እኔ ከኤርትራ ጋር ጦርነት የገጠምንበትን የ1990ን ክረምት አልረሳሁም። ግቢያችን ውስጥ ጋሼ የምንላቸው ትውልደ ኤርትራዊ ሰው ነበሩ፤ የመንግሥት ሰዎች በሌሊት መጥተው ወሰዷቸው። በነጠላ ጫማ ሄዱ። ባለቤታቸው ጎንደሬ ስለሆኑ ከልጆቹ ጋር ቀሩ። ጥቁሩ የቆዳ ጫማቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሰነበተ። ትንሹ ልጅ «አባዬ ሲመጣ ያደርገዋል» ብሎ አላስነሳም አለ።

ጥፋታቸው በሚያዝያ 1985 በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ መስጠታቸው ነው። የሰጡትም እዚሁ አዲስ አበባ፣ መንግሥት እያወቀ ነው። ድምፅ ከሰጣችሁ ዜግነታችሁ ይቀራል ብሎ ያስጠነቀቃቸው አልነበረም። በዚያ ጦርነት እንደሳቸው ያለ ወደ 75,000 ሰው ከአገራችን ተባረረ። ከአስመራና ከአሰብም የኛ ሰዎች በአስር ሺዎች ንብረታቸውን ጥለው መጥተዋል፤ የእነሱም እንባ እንባ ነው።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን የጎረቤቱ ነገር ነው። አንዳንዱ ጠቆመ። አንዳንዱ የተባራሪውን አልጋና ቁምሳጥን በርካሽ ገዛ። ብዙዎቻችን መጋረጃ ዘግተን ተኛን።

በ1996 ደግሞ መመሪያ ወጣ፤ ኤርትራ ነጻ ከወጣችበት ጊዜ ጀምሮ እዚህ የኖሩት ኢትዮጵያዊ ዜግነታቸውን መልሰው እንዲያገኙ ተፈቀደ። ስለዚህ በስሙ ወይም በአነጋገሩ «ኤርትራዊ» የምንለው ሰው የያዘው መታወቂያ እንደኛው ሊሆን ይችላል። የተመዘገበ ስደተኛም ከሆነ በሕግ የተጠለለ ነው።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዛላምበሳ ላይ ድንበሩ ሲከፈት፣ ዘመዳሞች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ በቴሌቪዥን አይተን አብረን አልቅሰን አልነበረም? ጥቂት ወራት ቆይቶ ተዘጋ። አሁን የጦርነት ወሬ በተነሳ ቁጥር ደግሞ የግቢ ተከራይን በጎሪጥ ማየት እንጀምራለን። የሁለት መንግሥታት ጠብ እሱን ምን አገባው?

ደላላው ነገ ሲደውልላችሁ «በተዋዋልነው ዋጋ ይቀመጡ» በሉት። እነሱንም ቡና ጥሯቸው።