ሜጋ ዋቱን ቆጠራችሁ፤ ፊውዙንስ ማን ይቁጠረው?

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ እባካችሁ አንድ ቀን እንኳ ከግድቡ ውረዱና ምሰሶው ላይ ውጡ!

ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል በተወራ ቁጥር ጥያቄው ያው ነው። ስንት ሜጋ ዋት ደረስን? ከውኃ ይሻላል ከነፋስ? ኒውክሌሩስ መቼ ነው? መልስ ሰጪውም ቁጥሩን ተሸክሞ ይመጣል፦ ሕዳሴ 5,150፣ ጊቤ ሦስት 1,870፣ በለስ 460፣ ተከዜ 300። ይጨበጨባል። ማታ ደግሞ ሰፈሩ 220 መሆን ሲገባው በ160 ቮልት እንደ ኩራዝ ይርገበገባል።

ሕዳሴን ለማጣጣል አይደለም፤ እንደዚያ የሚያነብ ካለ እዚሁ ያቁም። የማመንጨት እጥረት ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን። ግንቦት 2011 የጊቤ ሦስት ውኃ ሲጎድል 476 ሜጋ ዋት ጠፍቶ አገር በፈረቃ ገብታለች። ያኔ ችግሩ ከምንጩ ነበር። ዛሬ መብራት የሚጠፋባችሁ ግን በአብዛኛው ውኃ ስላነሰ ሳይሆን እስከ ቤታችሁ የሚደርሰው የመጨረሻው ግማሽ ኪሎ ሜትር መስመር ስለበሰበሰ ነው።

ሒሳቡን እንየው። ሰፈር ውስጥ የተሰቀለው የተለመደ ትራንስፎርመር (ከፍተኛውን ቮልት ለቤት የሚያወርደው) አቅሙ 200 ኬቪኤ ነው እንበል። ወደ ቤቶች በሚወጣው በ400 ቮልት በኩል በየፌዙ (ኃይል በሚሸከሙት በሦስቱ ሽቦዎች በእያንዳንዱ) 289 አምፔር ገደማ ይችላል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ቢወስድ 16 አምፔር ነው። ስለዚህ በአንድ ፌዝ 18 ምጣድ፣ በሦስቱ 54 ምጣድ፤ አለቀ። ፍሪጅ የለም፣ የውኃ ማሞቂያ የለም፣ የብየዳ ቤት የለም። አሁን የበዓል ዋዜማን አስቡ። በዚያ ትራንስፎርመር ላይ የተንጠለጠለው ቤት ስንት ነው? ኮንዶሚኒየም ሲሠራ፣ ጓሮ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ሲቀጠል፣ ቆጣሪ ሲጨመር ትራንስፎርመሩን መልሶ የለካው ማነው?

ይህም በሦስቱ ፌዞች እኩል ከተከፋፈለ ነው። አይከፋፈልም። አዲስ ቆጣሪ የሚያገናኘው ሠራተኛ መሰላሉ የደረሰበትን ሽቦ ይይዝና ይሄዳል። እንዲህ ሲቆይ አንዱ ፌዝ 380 አምፔር፣ ሁለቱ 150፣ 150 ይሸከማሉ። አማካዩ 227 ስለሚሆን በወረቀት ላይ ትራንስፎርመሩ ጤነኛ ነው። ውስጡ ግን አንዱ የሽቦ ጥቅል እየነደደ ነው። ሙቀቱ ከገደቡ በ6 ወይም በ8 ዲግሪ ባለፈ ቁጥር ጥቅሉን የሚሸፍነው የወረቀት ኢንሱሌሽን (መከላከያ) ዕድሜ በግማሽ ያጥራል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ማታ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ሳይቆርጡ አምፔር በሚለካ መሣሪያ) ሦስቱንም ፌዝ መለካት፣ ከዚያ ከከበደው ጥቂት ቤቶችን ወደ ቀለለው ማዛወር። ሁለት ሰው፣ አንድ መሰላል።

ከዚያ ፊውዙ ይመጣል። ኃይሉ በሚገባበት በ15 ኪሎ ቮልት በኩል ይህ ትራንስፎርመር በሙሉ ጭነት 8 አምፔር እንኳ አይስብም። ፊውዙ ሲቃጠል ትክክለኛው መተኪያ መጋዘን ውስጥ የለም፤ ሕዝቡ ይጮኻል፤ እናም የቤት መስመር የመዳብ ሽቦ ይጠመጠምበታል። ያ ሽቦ ከ100 አምፔር በላይ ካልሄደበት አይቀልጥም። መብራቱ መጣ፣ ሁሉም ደስ አለው፣ ትራንስፎርመሩ ግን ጠባቂ አልባ ሆነ። በሚቀጥለው ጭነት ፊውዙን ተክቶ የሚቃጠለው ራሱ ነው። ከዚያ ሰፈሩ ለሳምንታት ጨለማ፣ «ዕቃው ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተያያዘ ነው» የሚል መልስ፣ አንዳንዴም ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ እንዲገዛ በጎን ይነገረዋል። የጥቂት ብር ፊውዝ አጥተን ትራንስፎርመር እንገዛለን!

ፍሪጅና ቴሌቪዥን የሚፈጀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኒውትራሉ፣ ለሦስቱም ፌዝ የጋራ የሆነው መመለሻ ሽቦ ነው። የአሉሚኒየሙ መስመር ከመዳቡ ጋር ያለ ባይሜታል (ሁለቱን ብረቶች የሚያስማማ) ማያያዣ በእጅ ይጠመዘዛል። ክረምት ሲመጣ መገጣጠሚያው ይበላል፣ ይላላል፣ ይግላል፣ በመጨረሻ ይለያያል። ኒውትራሉ ሲለቅ ብዙ ጭነት ያለበት ፌዝ ይደበዝዛል፣ ጭነት ያነሰበት እስከ 380 ቮልት ሊጠጋ ይችላል። መንገዱ ማዶ አምፖሉ ሲፈዝ እዚህኛው ቤት የሚፈነዳው ለዚህ ነው። ካሳ? ማንን ጠይቃችሁ!

ስለ መስመሩም ላንሳ። 5 ሜጋ ዋት በ15 ኪሎ ቮልት ሲላክ 190 አምፔር ይሄዳል፤ በ33 ኪሎ ቮልት ቢሆን 87 ነበር። በአንድ ዓይነት ሽቦ በመንገድ ላይ የሚባክነው ኃይል ወደ አምስት እጥፍ ይለያያል። ከተማው እየሰፋ የ15 ኪሎ ቮልቱ ጅራት በየዓመቱ ይረዝማል፣ ዳር ያለው ሰፈር ቮልት ያጣል። ይህን የሚያስተካክለው አዲስ ግድብ ሳይሆን አዲስ ማከፋፈያ ጣቢያ ነው።

የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ድርጅት በ2006 ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ደግሞ ምስጋናውና ስድቡ ተለያዩ። የሚያመነጨውና በከፍተኛ ቮልት የሚያስተላልፈው አንዱ ነው፤ የሚያከፋፍለውና ሒሳብ የሚሰበስበው ሌላው። አንዱ በሜጋ ዋቱ ይሸለማል፣ ሌላው በበሰበሰ ምሰሶና በተሰነጠቀ ስኒ (ሽቦውን ከምሰሶው በሚለየው ሸክላ) ይሰደባል።

እሺ፣ ስለ ምንጩም ካወራን በቅጡ እናውራ። 5,150 ማለት ዓመቱን ሙሉ 5,150 ማለት አይደለም፤ ከሕዳሴ በዓመት የሚጠበቀው 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ሲከፋፈል በአማካይ ወደ 1,800 ሜጋ ዋት ነው። አንዱ ተርባይን ብቻውን 400 ገደማ ነው። ሌሊት ፍላጎት ሲወርድ እሱ በድንገት ቢወድቅ ፍሪኩዌንሲው (መስመሩ በሙሉ በሰከንድ የሚመታው ምት) ከ50 ኸርትዝ ያሽቆለቁላል፣ መጠባበቂያ ካልተዘጋጀ መስመሮች በተራ ይቆረጣሉ፣ ካልተያዘ አገር ይጠፋል። ነፋሱ ደግሞ የሚበረታው በበጋ፣ ውኃው በሚቀንስበት ወቅት ነው። አዳማ ሁለት 153፣ አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት፤ የሚደጋገፉ ናቸው፣ «ውኃ ወይስ ነፋስ» ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። የእንፋሎቱን አሉቶ ላንጋኖን ተዉት፤ ስንት ዓመት ሙሉ 7.3 ሜጋ ዋት!

የክፍያው ተመን ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው። ይጨምር፤ አገልግሎት ገንዘብ ይፈልጋል። ግን በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ ይህን ጠይቁልን፦ በየመስመሩ ባለፈው ሩብ ዓመት መብራት ስንት ጊዜ ጠፋ፣ በአማካይ ስንት ሰዓት ቆየ? ስንት ትራንስፎርመር ተቃጠለ፣ ከእነሱ ስንቱ በፊውዝ ፋንታ ሽቦ ተጠምጥሞበት ነበር? መጋዘን ውስጥ ያለው የፊውዝ ብዛት ስንት ነው? መልሱን በሰንጠረዥ፣ በየሰፈሩ፣ ሕዝብ በሚያየው ቦታ ይለጥፉት። ሜጋ ዋቱን ከዚያ በኋላ ታነቡልናላችሁ።