በአንድ ደቂቃ ላጸደቁልን ክቡር ገምጋሚ

1,200 መስመር ያለው የኮድ ለውጥ ለግምገማ በቀረበ በአንድ ደቂቃ ውስጥ «ጥሩ ይመስላል» ተብሎ ሲጸድቅ ያየ ሰው፣ የሰው ልጅ የንባብ ችሎታ የት እንደደረሰ ሊመሰክር ይገባዋል። ለውጡ ተራ አልነበረም፤ በአንድ ኢምቤድድ ሲስተም (በመሣሪያ ውስጥ በተቀበረ አነስተኛ ኮምፒውተር) ላይ ካለው የኖር ፍላሽ ቺፕ (ኃይል ቢቋረጥም መረጃ ከሚይዝ ማኅደር) ጋር የሚነጋገረውን ድራይቨር ከሥሩ የሚቀይር ነበር። ክቡር ገምጋሚያችን ግን እንደ እኛ እንደ ደካሞቹ ዳታሺት (የቺፑን ጠባይ የሚዘረዝረውን የአምራቹን ሰነድ) ሲያገላብጡ አልዋሉም። ዳታሺትማ ለሚጠራጠር ሰው የተጻፈ ነው፤ እርሳቸው ባልደረባቸውን ያምናሉ። እኔ በበኩሌ በአንድ ወቅት 300 መስመር ለመመርመር ሁለት ቀን ፈጅቼ «ሥራ አስተጓጎልክ» ተብዬ ተወቅሻለሁ፤ ሲያንሰኝ ነው።

ምንም አስተያየት አልሰጡም ብሎ የሚያማቸው ቢኖር ሐሰት ነው። በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ በ48ኛው መስመር ጫፍ ላይ የተረፈች ባዶ ቦታ አይተው እንድትነሣ አዝዘዋል። ከእርሷ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ቺፑ ሥራውን መጨረሱን ደጋግሞ የሚጠይቅ ሉፕ አለ፤ የጊዜ ገደብ ስላልተበጀለት፣ ቺፑ መልስ ከነፈገው መሣሪያው እስከ ዕለተ ምጽአት ይጠብቃል። ገምጋሚያችን ይህን ትዕግሥት ብለው ሳያደንቁት አልቀሩም።

የዚህ ቺፕ አንድ ፔጅ፣ ማለትም በአንድ ትእዛዝ የሚጻፍበት ክፍል፣ 256 ባይት ነው። ከፔጁ 250ኛ አድራሻ (ቆጠራው ከ0 ነው) ጀምሮ 20 ባይት እንዲጽፍ በአንድ ትእዛዝ ሲነገረው፣ ስድስቱን በቦታቸው ካኖረ በኋላ የቀሩትን 14 ወደሚቀጥለው ፔጅ አያሻግራቸውም፤ ዞሮ በዚያው ፔጅ መጀመሪያ ላይ ያሰፍራቸዋል። ፍላሽ ደግሞ ሳይደመሰስ ሲጻፍበት 1 የነበረውን ቢት ወደ 0 ማውረድ እንጂ 0ን ወደ 1 መመለስ ስለማይችል፣ አሮጌውና አዲሱ ተደራርበው ሁለቱንም የማይመስል ሦስተኛ ነገር ይወለዳል። አዲሱ ኮድ የፔጁን ድንበር ሳያይ ይጽፋል። እንዲህ ያለውን ፈጠራ በጥያቄ አለማደናቀፍ ትልቅነት ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ከሒሳብ መራቃቸው ነው። ኮዱ መሣሪያው የሠራበትን ሰዓት በየደቂቃው ይመዘግባል፤ የሚመዘግበውም ያንኑ ባለ 4 ኪሎባይት ሴክተር (በአንድነት የሚደመሰስ ክፍል) እየደመሰሰ ነው። ሴክተሩ 100,000 ጊዜ መደምሰስን እንዲችል ሆኖ ተሠርቷል፤ ቀን ደግሞ 1,440 ደቂቃ አለው። ይህን ያካፈለ ሰው ሴክተሩ 70 ቀን ሳይሞላው ዕድሜውን እንደሚጨርስ ባወቀ ነበር፤ ነገር ግን ማካፈል የምቀኛ ሥራ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያረጀ ፍላሽ ሞኝም ወረቀትም ስላልሆነ ይለቃል። የሚለቀውም በአንድ ቀን አይደለም፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንዲሉ፣ አንዴ በትክክል እየጻፈ፣ አንዴ እየሳተ፣ ስሕተቱን በጠረጴዛ ላይ ደግሞ ማሳየት እስኪያቅት ድረስ ነው።

አንድ ጀማሪ ባልደረባችን፣ ነገሩ ከጸደቀ በኋላ፣ «አሮጌው ተደምስሶ አዲሱ ሳይጻፍ ኃይል ቢቋረጥስ?» ብሎ ጠየቀ። ልጅነት ነው። አዲሱ መረጃ በሌላ ሴክተር ላይ ተጽፎ፣ ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ አሮጌው ይደምሰስ ማለቱ ነበር። ገምጋሚያችን በአባትነት መንፈስ፣ «እኔ ጠረጴዛ ላይ አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም፤ ደግሞስ ኮዱን የጻፈው ሞክሬዋለሁ ብሏል እኮ!» ሲሉ አስተማሩት። ልጁ ከዚያ ወዲህ አልጠየቀም፤ በቅርቡም ገምጋሚ ይሆናል።

ቺፑ ከ16 ወደ 32 ሜጋባይት ማደጉም የተለመደው ባለ 3 ባይት አድራሻ እንዳይበቃ አድርጎታል። ስለዚህ ድራይቨሩ ቺፑን ወደ ባለ 4 ባይት አድራሻ ያሸጋግረዋል፤ መመለሱን ግን ረስቶታል። የሪሴት መስመሩ (እንደ አዲስ የሚያስነሣው ሽቦ) ወደ ቺፑ ስላልተዘረጋ፣ ፕሮሰሰሩ እንደገና ሲነሣ ቺፑ በነበረበት ይቆያል፤ አንዱ በ3 ባይት ይጠይቃል፣ ሌላው አራተኛውን ይጠብቃል፣ ቡት ማድረግም (መሣሪያው ሥራ መጀመሩም) እዚያው ላይ ይቆማል። መድኃኒቱ ነቅሎ መሰካት ነው። መሣሪያዎቹ የተተከሉት ምሰሶ ጫፍ ላይ በመሆኑ ግን ለመንቀል መሰላል ያስፈልጋል፤ ስለ መሰላሉ በግምገማው ወቅት ማንም አላነሣም።

ማስተካከያው ዛሬ ለግምገማ ቀርቧል፤ 900 መስመር ነው። ይህችን አንቀጽ ጽፌ ሳልጨርስ ጸድቋል፤ በ12ኛው መስመር ላይ ያለች አንዲት ባዶ ቦታ ብቻ ትነሣ ተብሏል።