ስለ አሜሪካ ምርጫ የሚተነትኑልን ምሁራን ይጠቅሙናል ወይ?

ተከራካሪዎቹ አራት ኪሎ መጻሕፍት የሚሸጡ አባት እና ስድስት ኪሎ ፖለቲካ ሳይንስ የምታስተምር መምህርት ናቸው።

መምህርቷ፦ በጣም ይጠቅማሉ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ትራምፕን በ2.9 ሚሊዮን ድምፅ ገደማ በልጣ ተሸነፈች። ለምን? አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ለየግዛቱ የተመደቡ 538 ወኪል መራጮች ናቸው። 270 ያገኘ ያሸንፋል። አብዛኛው ግዛት ደግሞ በጥቂት ድምፅም ቢሆን ለበለጠው ሁሉንም ወኪሎች ይሰጣል። ይህን የሚያስረዳ ከሌለ ሕዝቡ ይደናገራል። "ተሰረቀች" ይላል።

ባለ ሱቁ፦ "ሕዝቡ ይደናገራል" አልሽ፣ እህቴ? ሠላሳ ዓመት ሂሳብ ስደምር ስቀንስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቨርጂኒያ ያለችው ልጄ ይህንኑ በስልክ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አስረዳችኝ። ያደናገሩኝ ምሁራኑ ናቸው። ረቡዕ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ ካፌው ቴሌቪዥን ሥር ተቀምጬ ነበር። "አንገት ለአንገት ናቸው" ሲሉን ከርመው ትራምፕ ወሳኝ የተባሉትን ሰባት ግዛቶች ጠራርጎ ወሰደ። በመጨረሻ 312 ለ226 ሆነ። አላን ሊችማን የሚባለው የታሪክ ፕሮፌሰር ደግሞ 13 "ቁልፎች" የሚላቸውን መመዘኛዎች ቆጥሮ የትራምፕ ተፎካካሪ ካማላ ሃሪስ ታሸንፋለች ብሎን ነበር። ታዲያ የተደናገረው ማነው?

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ትንበያና ትንታኔ አይቀላቅሉብኝ። ሊችማን እ.ኤ.አ. በ2016 ብዙዎች ሳያምኑ ትራምፕ ያሸንፋል ያለ ሰው ነው። ምሁር ይሳሳታል፤ ስህተቱንም ያምናል። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሳም ዋንግ ያኔ "ትራምፕ ከ240 በላይ ወኪል ካገኘ ነፍሳት እበላለሁ" አለ። ቃሉን አክብሮ በቴሌቪዥን ፌንጣ በላ።

ባለ ሱቁ፦ እሱ ፌንጣውን ይብላ። እኔ የያዝኩሽ "ይደናገራል" ባልሽው ነው፤ እሱን ዘለልሽው። እስቲ የእኛዎቹን ንገሪኝ። ፔንስልቬንያን እንደ ሰፈራቸው የሚያውቁት ምሁራን፣ ከዚያ አንድ ወር ቀድሞ፣ መስከረም 27፣ ታዬ አጽቀሥላሴ የራሳችን ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ የት ነበሩ? ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ለ6 ዓመት እንደሚመርጡ ሱቄ የሚመጡት ተማሪዎች አያውቁም። ጠይቄያቸዋለሁ። ፓርላማው እኮ ከሱቄ በእግር ነው!

መምህርቷ፦ ይሄ ሌላ ክርክር ነው። ቢሆንም ልመልስ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 70 በየዓመቱ አስተምራለሁ። ማይክ በሌለው አዳራሽ፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ። ስልክ የሚደወልልኝ ግን የአሜሪካ ምርጫ ሲደርስ ብቻ ነው። ይህን በእኔ ማላከክ ግፍ ነው።

ባለ ሱቁ፦ ሲደውሉልሽ "ስለ አንቀጽ 70ም ልናገር" ብለሽ ታውቂያለሽ?

መምህርቷ፦ ቅድም ያሉትን ልያዝ እንጂ። ልጅዎ ቨርጂኒያ ስላለች ገባዎት። ቨርጂኒያ ልጅ የሌለውስ ማንን ይጠይቅ?