ኢንሱሌተር ካብ ብቻ አይደለም

መምህር፣ ከደብረ ብርሃን ለተማሪዎችዎ የጻፉትን ማብራሪያ አነበብኩት። የፍራፍሬ ዝንብን ኢንሱሌተር ፕሮቲኖች በማሳ ዳር ከምንክበው የድንጋይ ካብ ጋር አመሳስለዋቸዋል። «ጂንን ከጎረቤቱ ይለያሉ፣ በቃ» ይላል። ለሰሜን ሸዋ ልጅ ምሳሌው ቶሎ ይገባዋል። ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

መለየታቸው እውነት ነው። የሎ የሚባለው ጂን ዝንቧን ያጠቁራል። ጂፕሲ የተባለ ተዘዋዋሪ ዲኤንኤ በጂኑ መነሻና በክንፍና በሰውነት ማዘዣዎቹ (ጂኑ በእነዚህ አካላት እንዲሠራ በሚያዙት የዲኤንኤ ክፍሎች) መሃል ሲገባ፣ አንድ ኢንሱሌተር ፕሮቲን እዚያ 12 ቦታ ላይ ይጣበቃል። ትእዛዙ ይቋረጣል፤ ክንፏና ሰውነቷ ቢጫ ይሆናሉ። የፀጉሯ ማዘዣ ግን ከካቡ ወዲህ፣ እዚያው ጂኑ ውስጥ ነው። ስለዚህ ፀጉሯ እንደጠቆረ ይቀራል። እንዴት ደስ ይላል!

አሁን ሁለተኛ የጂፕሲ ኢንሱሌተር፣ ማለትም ፕሮቲኑ የሚጣበቅበት የዲኤንኤ ቁራጭ፣ አጠገቡ ይጨመር። ካብ ቢሆን ኖሮ ይበልጥ በዘጋ ነበር። በ2001 የወጡ ሙከራዎች ግን ያሳዩት መንገዱ እንደሚከፈት ነው። ሁለቱ እርስ በርስ ሲያያዙ መሃላቸው ያለው ዲኤንኤ ይታጠፍና ሩቁ ማዘዣ ጂኑ ዘንድ ይደርሳል ተብሎ ይታሰባል። ኢቭ ከተባለው ጂን ጎን ያለው ሆሚ የሚባል ኢንሱሌተር ደግሞ፣ 142 ሺህ የዲኤንኤ ፊደል ርቆ ከተተከለ አምሳያው ጋር ተያይዞ የኢቭ ማዘዣዎች እዚያ ያለውን ጂን እንዲቀሰቅሱ አድርጓል።

ካቡን አይሰርዙት፣ መምህር። ቀጥለው ግን ነጠላ ዘርግተው ሁለቱን ጫፎች ያገናኙላቸው።