የስኪ መጽሔት አንባቢ ድሬዳዋም አለ

ኦንላይን ብቻ የሚወጣ አንድ የስኪ፣ ማለትም የበረዶ ላይ መንሸራተት፣ መጽሔት አለ፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ ሰሞኑን ደግሞ ለአንባቢዎቹ መጠይቅ አወጣ። ምን እናሻሽል፣ የቱን ትወዳላችሁ፣ ምን ጎደለ ይላል። አንባቢን መጠየቅ ያስመሰግናል። ችግሩ ያለው ጥያቄዎቹ ላይ ነው፣ በዓመት ስንት ቀን ስኪ ትሄዳለህ፣ የምታዘወትረው ሪዞርት የትኛው ነው፣ ለሚቀጥለው ሲዝን ምን ዕቃ ልትገዛ አስበሃል ምናምን፣ ከምርጫዎቹ ውስጥ "ሄጄ አላውቅም" የሚል የለም፣ አንዱን ካልነካህ ደግሞ ወደሚቀጥለው አያሳልፍህም። እኔ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ስኪ ተንሸራትቼ አላውቅም፣ ዕቃውንም በእጄ ነክቼው አላውቅም፣ ግን መጽሔቱን አነባለሁ ውድድሮቹንም እከታተላለሁ፣ ስለዚህ መጠይቁ ላይ መጻፍ ያልቻልኩትን እዚህ ልጻፈው፣ ነገሩ የአንድ መጽሔት ብቻ አይደለም እኛ አገር ስፖርት የሚዘግቡትንም ይመለከታል።

ማታ ሙቀቱ ቀለል ሲል ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብለን ስልኬ ላይ የማየውን ሲያዩ "አቦ በዚህ ሙቀት የበረዶ ነገር ምን አስጨነቀህ" ይሉኛል። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የእንግሊዝ ኳስ የሚያሳየው ቤት ሁሉ ጢም ብሎ ሲሞላ ከዚያ ሁሉ ሰው ማንቸስተርን ረግጦ የሚያውቅ ስንት ነው? እሱን ማንም አይጠይቅም። ስፖርት ለመውደድ እዚያ መወለድ አያስፈልግም፣ ስፖርቱን ደህና አድርጎ የሚያስረዳህ ሰው ነው የሚያስፈልግህ።

እኔን ወደዚህ ነገር ያስገባኝ ሮቤል ተክለማርያም ነው። በፈረንጆቹ 2006 ቶሪኖ ላይ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፣ አዲስ አበባ ተወለደ፣ በልጅነቱ አሜሪካ ሄደ፣ ሌክ ፕላሲድ አካባቢ ሲማር ስኪ ለመደ፣ በኋላ ስኪ ፌዴሬሽን እንዲቋቋም አድርጎ ባንዲራችንን ብቻውን ይዞ ገባ። በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ 83ኛ ወጣ። በ2010 ቫንኩቨር ላይ በዚያው ርቀት 93ኛ። ከዚያ በኋላ 2014ም፣ 2018ም፣ 2022ም ኢትዮጵያ አልነበረችም።

83ኛ ሲባል ሰው ይስቃል፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን የነገረው የለም። እንዲህ ዓይነቱ ውድድር ላይ ሰው እንደ ሩጫ አንድ ላይ አይነሳም፣ በ30 ሰከንድ ልዩነት አንድ በአንድ ነው የሚለቀቁት፣ ስለዚህ ትግሉ ከሰዓት ጋር ነው፣ ፊትህ ያለው ሰው እየቀደመህ ይሁን እየቀደምከው አታውቅም። ቶሪኖ ላይ የተደረገው ደግሞ ክላሲክ የሚባለው ነው፣ ሁለቱ ስኪዎች በተሰመረ ቦይ ውስጥ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ ከእግርህ ሥር መሀሉ ላይ የሚቀባው ሰም ስትረግጠው በረዶውን እንዲይዝ ነው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ የሚቀባው ደግሞ እንዲንሸራተት ነው። አየሩ ትንሽ ከተለወጠ ሰሙም ይለወጣል። ካልገጠመልህ ወይ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ትንሸራተታለህ ወይ ሜዳ ላይ ትጎተታለህ፣ ያኔ ጉልበትህ ምንም አያደርግልህም። እነ ኖርዌይ ለዚህ ሥራ ብቻ ባለሙያ ቀጥረው ትልልቅ መኪና ሞልተው ነው ከውድድር ውድድር የሚዞሩት። ብቻውን የመጣ ልጅ ከእነዚህ ጋር ነው አንድ መስመር ላይ የሚቆመው፣ ይሄን ስታውቅ 83ኛ ስትሰማ የሚመጣብህ ጥያቄ ሌላ ነው፣ ስንቱ ደቂቃ በጉልበት ነው የተበለጠው ስንቱ በሰም ትላለህ። እኔ ከመጽሔት የምፈልገው እንዲህ ዓይነት ነገር ነው። ደግሞ ይችላሉ እኮ፣ ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን በ2023 በጀመረው ሲዝን ፍሎሮ የሚባል ኬሚካል ያለበትን ሰም ሲከለክል ያወጡት ጽሑፍ ለምን እንደተከለከለ፣ ሲመረመር እንዴት እንደሚታወቅ፣ ማንን እንደሚጎዳ አንድ በአንድ ያስረዳ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

አፍሪካዊ ተወዳዳሪ ላይ ሲደርሱ ግን ያ ሁሉ ችሎታ ይጠፋል። አንድ ታሪክ ብቻ ነው ያላቸው፣ በረዶ ከሌለበት አገር መጣ፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ጨረሰ፣ ተጨበጨበለት፣ አለቀ። የኬንያው ፊሊፕ ቦይት በፈረንጆቹ 1998 ናጋኖ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር 92ኛ፣ የመጨረሻ ሆኖ ገባ፣ ያሸነፈው የኖርዌዩ ቢዮርን ዴህሊ ቆሞ ጠብቆ አቀፈው። የሚያምር ነገር ነው፣ አልክድም፣ ቦይትም ለልጁ ዴህሊ ብሎ ስም አውጥቶለታል። ግን ቦይት እዚያ አላቆመም፣ በ2002ም በ2006ም ተመልሶ ተወዳድሯል፣ ቶሪኖ ላይ እሱና ሮቤል አንድ ውድድር ላይ ነበሩ፣ ሁለት ምሥራቅ አፍሪካውያን በአንድ ቀን በአንድ መስመር! ስለዚህ የጻፈ ሰው ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ፣ ስለ እቅፉ ከሆነ ግን የፈለግከውን ያህል ታገኛለህ። ኤርትራዊው ሻነን አበዳም እንደዚሁ ነው፣ ካናዳ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፣ ከተራራ ቁልቁል በሚወረደው ጃያንት ስላሎም በሚባለው በ2018 61ኛ ወጣ፣ በ2022 ቤጂንግ ላይ 39ኛ። በአራት ዓመት ከ61 ወደ 39። አንድ የኦስትሪያ ልጅ እንዲህ ቢሻሻል አሠልጣኙ ማነው፣ ምን ቀየረ፣ ስኪውን ለወጠ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። አበዳ የሚጠየቀው ግን በረዶ ስለማያውቁ ዘመዶቹ ነው።

እኛ ጋ ያለው ወሬም ከዚህ አይሻልም፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ። "የኛ ሯጮች ስኪ ቢሰጣቸው ሁሉንም ይበሏቸዋል" ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ፣ ሬዲዮ ላይ ሳይቀር። አይበሏቸውም። ልብና ሳንባ ላይ ከሆነ እውነት ነው ሁለቱ ስፖርቶች ዘመዳሞች ናቸው፣ እንደሚነገረው የዴህሊ ኦክስጅን የመጠቀም አቅም በኪሎ በደቂቃ 96 ሚሊ ሊትር ነበር፣ ይሄ በየትኛውም ስፖርት ከተመዘገቡት ከፍተኛዎቹ አንዱ ነው። ግን አገር አቋራጭ ስኪ ግማሹ የእጅ፣ የትከሻና የሆድ ሥራ ነው፣ በሁለቱ ዱላዎች መሬቱን እየገፋህ ነው የምትሄደው፣ የማራቶን ሯጭ ደግሞ ላይኛው ሰውነቱን አቅልሎ ነው የሚሠራው። አንድ እግር ላይ ሚዛን ጠብቆ መንሸራተት የሚባለው ነገርም አለ፣ የኖርዌይ ልጅ እሱን የሚለምደው ትምህርት ቤት ሳይገባ ነው። ቦይት የ800 ሜትር ሯጭ ነበር፣ ፊንላንድ ሄዶ ሠለጠነ፣ ውጤቱን አይታችኋል። ይሄን የምለው አንችልም ለማለት አይደለም፣ ልጆችን ጊዜ ሰጥቶ ማስተማር ይጠይቃል ለማለት ነው፣ "ብንሄድ እንበላቸዋለን" የሚል ሰው ደግሞ ማንንም ለማስተማር አይነሳም።

መጽሔቱ ላይ በጣም የሚናፍቀኝ ስለ ሮለር ስኪ የሚጻፈው ነው፣ እሱን ግን በዓመት አንዴ በጋ ላይ ነካ አድርገው ያልፉታል። አጠር ያለ ስኪ ነው፣ ከፊትና ከኋላ ጎማ አለው፣ አስፋልት ላይ ይኬድበታል፣ የበረዶ አገር ተወዳዳሪ ሁሉ በረዶ በሌለበት ወራት የሚሠራው በሱ ነው፣ ራሱን የቻለ የዓለም ዋንጫም አለው። ሮቤልም አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ነው በሱ የሠራው። አሁን እስቲ ከዚራን አስቡት፣ ባቡሩ ሲመጣ በፕላን የተቆረጠ ሰፈር ነው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ሜዳ፣ ዛፍ ያለበት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መኪና የለም፣ ሯጩና ሳይክለኛው ብቻ ነው ያለው። ዳገት ከተፈለገ ደንገጎ አለ፣ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው ሐሮማያ ስትደርስ 2,000 አካባቢ ነህ፣ ግን እዚያ ላይ የጭነት መኪናው ስለሚበዛ ልጅ ይዞ መውጣት አይሞከርም፣ ከዚራ ይበቃል። ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፣ በትልልቅ ውድድሮች የአገር አቋራጭ ስኪ መስመር ከ1,800 ሜትር በላይ እንዳይወጣ ደንብ አለ፣ ማለትም የሐረር ልጅ የሚተነፍሰው አየር ውድድር ከሚደረግበት ቦታ ሁሉ የሳሳ ነው። ለአንድ ክለብ የሚበቃ ነገር እጃችን ላይ አለ፣ የጎደለው ዕቃውና የሚያሳይ ሰው ነው። ጎማው በምን ይለያያል፣ ያገለገለ የት ይገኛል፣ አብዛኛው ፍሬን ስለሌለው ቁልቁለት ላይ እንዴት ይቆማል፣ ጀማሪ ምን ያህል መንገድ ይበቃዋል፣ ይሄን የሚመልስ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ለእኔ ከሃያ የሪዞርት ማስታወቂያ ይበልጥብኛል።

ደግሞ በረዶ የሌለበት አንባቢ ከእንግዲህ ብርቅ አይሆንም። ቤጂንግ 2022 ላይ የተንሸራተቱበት በረዶ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በማሽን የተሠራ ነው። አልፕስ ላይም ዝቅ ያሉት ሪዞርቶች በማሽን ነው የሚሞሉት፣ ለዚያ ደግሞ የሚሄደው ውኃ ቀላል አይደለም፣ የውኃን ነገር ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። አፍሪካ ውስጥም ሌሶቶ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ አፍሪስኪ አለ፣ ሞሮኮ ኡካይመደን አለ፣ እዚያ የሚሠሩ ልጆች እንዴት እንደሚኖሩ አንብቤ አላውቅም።

አንድ የማመሰግንበት ነገር አለኝ፣ ከልቤ ነው። ስለ በረዶ ናዳ የሚጽፉት። አደጋው ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል፣ ግን ብዙ ሰው የሚሞተው 5 በተባለ ቀን አይደለም፣ 3 በተባለ ቀን ነው፣ ምክንያቱም 5 ሲባል ማንም አይወጣም፣ 3 ሲባል ሰማዩም ጥርት ብሎ ካዩ ይወጣሉ። ተቀብሮ በ15 ደቂቃ ውስጥ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፣ ከዚያ በኋላ ዕድሉ ቶሎ ነው የሚያሽቆለቁለው፣ ስለዚህ የሚያድንህ አብሮህ ያለው ጓደኛህና የያዘው አካፋ ነው። ይሄን ሳነብ ከተማችንን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ነው የማስበው። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል ይነግድበታል፣ እዚህ ጠብ ሳይል ላይ ተራራው ላይ የዘነበው ነው የሚወርደው። በእኛ 1998 ሐምሌ መጨረሻ ጎርፉ ሌሊት ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ፣ ሮቤል ቶሪኖ የሄደበት ዓመት ማለት ነው። ከላይ የሚመጣ ነገር ታች ሆነህ እንደማይታይህ፣ ማስጠንቀቂያም መሀል ላይ ሲሆን ሰው እንደሚንቀው፣ ይሄ የስኪ ሰው ብቻ ዕውቀት አይደለም። ያ ጽሑፍ እዚህ ከተማ ላይ የሚነበብ ነው፣ አዘጋጆቹ ግን ማን እንደሚያነበው ስለማይጠይቁ አያውቁትም።

ሌላው ቀላል ነው። ገጹ ይከብዳል፣ ስትከፍተው ቪዲዮው ሳትነካው ይጀምራል፣ ፎቶው መዓት ነው፣ ሁለት ጽሑፍ ሳልጨርስ የቀኑ ፓኬጅ ያልቃል። ጽሑፉ ብቻ የሚከፈትበት መንገድ ይኑረው። ኔትወርክ የሚደክምበት ተራራ ላይ ያለው ስኪ ተጫዋችም ቢሆን የሚጠላው አይመስለኝም።

የኛ የስፖርት ፕሮግራሞችም የክረምት ኦሊምፒክ ሲመጣ መክፈቻውን በሁለት ደቂቃ ነግረውን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ዝውውር አይመለሱ። አንድ ሳምንት እንኳን ደንቡን አስረዱን፣ ለኦሊምፒክ ለመግባት ነጥብ የሚሰበሰበው የት እንደሆነ፣ ያንን ነጥብ ለማግኘት አንድ ልጅ አውሮፓ ድረስ ስንት ጊዜ መመላለስ እንዳለበት፣ ወጪውን ማን እንደሚችል።

መጠይቁን ላዘጋጃችሁት ደግሞ፣ ምን ጎደለ ላላችሁት የእኔ መልስ ይሄ ነው። ሮቤልን ፈልጋችሁ አናግሩት፣ በረዶ መጀመሪያ ያየህ ጊዜ ምን ተሰማህ ብላችሁ ግን አትጀምሩ። አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ሲሠራ ስንት ሰዓት ይሠራ ነበር፣ መኪናውንስ እንዴት ቻለው፣ ቶሪኖ ላይ ሰሙን ማን ቀባለት፣ ነጥቡን የሰበሰበው የትኞቹ ውድድሮች ላይ ነው፣ ትኬቱን ማን ቆረጠለት፣ ከ2010 በኋላ የሚተካው ሰው ያልተገኘው በምንድነው፣ ዛሬ ከዚራ ላይ ከልጆች ጋር መጀመር የሚፈልግ ሰው ቢኖር መጀመሪያ ምን ይግዛ። መልሱን ሳታሳጥሩ አውጡት። ፍቀዱልኝ እንጂ ወደ አማርኛ እኔው እተረጉመዋለሁ፣ ክፍያም አልጠይቅም።