ጳጉሜን የማያውቅ ኮድ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለእድራችን የመዋጮ መመዝገቢያ እየሠራሁ ነው። በጃቫስክሪፕት፣ በድረ ገጽ ኮድ መጻፊያ ቋንቋ። አንጀቴ እርር ብሏል!

የቋንቋው የቀን መሣሪያ «ዴት» እ.ኤ.አ. በ1995 ጃቫ ከሚባል ሌላ ቋንቋ ተገልብጦ የመጣ ነው። ወር ከዜሮ ይቆጥራል፤ ጃንዋሪ 0፣ ዲሴምበር 11። ቀኑ ግን ከ1 ይጀምራል። ጤና ነው ይሄ? የኛን ካሌንደር ለማሳየት መንገድ አለ፤ ስሌት ላይ ግን የለበትም።

መፍትሔው «ቴምፖራል» የሚባለው የቋንቋው አዲስ የቀን መሣሪያ ነው፤ 13ቱን ወር ከነጳጉሜው ያሰላል። እ.ኤ.አ. በ2021 በቋንቋው ደንብ አውጪ ኮሚቴ ሦስተኛ ደረጃ፣ ማለትም ብራውዘሮች ሊሠሩት የሚችሉበት ደረጃ፣ ደረሰ ሲባል እሰየው አልን። ከዚያ ተቀመጠ። የሰዓት ዞንና የካሌንደር ስም ከቀኑ ኋላ በቅንፍ እንዴት ይጻፍ የሚለው በሌላ አካል እስኪጸድቅ 2024 ገባ። ቅንፍ እኮ ነው! ጠንቃቆች ናቸው፣ ይገባኛል፤ ግን ሰው ይጠብቃል። ፋየርፎክስ ራሱ ያስገባው በ2025 ነው።

የእድሩ ገንዘብ ያዥ ስልክ ደግሞ አሮጌ ነው፤ አዲሱን ብራውዘር አይቀበልም። ስለዚህ 12 ወር ብቻ በሚያውቅ የሰው ኮድ ተጣበቅኩ። ትናንት ደወሉልኝ፦ «ልጄ፣ ጳጉሜ 3 የከፈልኩት ለምን መስከረም ላይ ገባ?»

እስቲ ምን ልበላቸው? የቋንቋው ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ነበር ልበል?